ምዕራፍ ሰባት፦ ቁልፍ ያዡ

ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወጣ ሰው በመንገዱ የሚያያቸውን የደንብ ልብሶች ቢቆጥር ከገመተው በላይ ይሆኑበታል። የፈረንሳይ ኤምባሲ በር ላይ ፌዴራል ፖሊስ ቆሟል። ታክሲ ተራው አጠገብ የአዲስ አበባ ፖሊስ አለ። ትንሽ አለፍ ሲል መንገድ ዳር ሸራ ያነጠፉትን ቸርቻሪዎች የሚያስነሱ ደንብ አስከባሪዎች ይታያሉ። ሸራው በአራቱም ጫፉ ገመድ የታሰረለት ለዚሁ ነው፤ አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ከነሸቀጡ ተሰብስቦ ለሩጫ ይመቻል። ሲመሽ ደግሞ ነዋሪው በየወሩ እያዋጣ የሚከፍላቸው የሰፈር ጥበቃዎች ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላና ባትሪ ይዘው ይወጣሉ። በየብሎኩ የተደራጁት የሰላም ሠራዊት አባላትም በተራቸው ይዞራሉ።

ከኤምባሲው አጥር ወዲያ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ ከእነዚህ አንዳቸውም ሳይፈቀድላቸው የማይገቡበት መሬት አለ። ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ የሰጡት፣ ከ40 ሄክታር በላይ የሚሆን ግቢ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተፈረመው የቪየና ዲፕሎማሲያዊ ስምምነት እንዲህ ያለውን ግቢ የአገሩ ፖሊስ ካለ አምባሳደሩ ፈቃድ እንዳይረግጠው ይከለክላል፤ ከደጅ የመጠበቁን ግዴታ ግን በአገሩ መንግሥት ላይ ይጥላል። ድሮ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። በ1900 ዓ.ም. በተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል መሠረት ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ቢካሰሱ፣ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ብቻውን አይፈርድም ነበር፤ የፈረንሳይ ቆንስል አጠገቡ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር አንድ ሌሊት ነገር ቢበላሽ፣ በማግስቱ ምክር ቤት ፊት ቆሞ «የምጠየቀው እኔ ነኝ» የሚለው ማን ነው? በምዕራፍ ሦስት ፖሊስና ወታደር የሚለያዩበትን አይተናል። በምዕራፍ አምስት ደግሞ አንድ የካቢኔ አባል ምክር ቤት ቀርቦ እንዴት እንደሚጠየቅ ተነጋግረናል። ሁለቱ የሚገናኙበት ወንበር አለ። በክልል ደረጃ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ይባላል። በጀርመን ወይም በሕንድ ቢሆን የክፍለ አገሩ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ይሉታል። በዜና ላይ በአዛዦች ተከቦ ስለምናየው ትልቁ ፖሊስ ይመስለናል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ያንን ግምት ለማፍረስ ነው።

ድንኳኑ ከመጋዘን የሚወጣው በማን ቃል ነው?

እድር የሌለው አንባቢ ጥቂት ነውና ከዚያ እንጀምር። እድሩ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ አለው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱና ትሪው መጋዘን ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉ ንብረት ያዡ ኪስ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊው ያስነግራል፤ ሊቀመንበሩ ያዝዛል፤ ንብረት ያዡ ከፍቶ ቆጥሮ ያስረክባል። ድንኳኑን የሚተክሉት ሌሎች ናቸው። ሠልስቱ ሲያልፍ ቆጥሮ ይረከባል፤ አንድ ትሪ ከጎደለ ይጠይቃል። በዓመቱ ጉባኤ ደግሞ እሱ ራሱ ይጠየቃል።

ንብረት ያዡ ከኮሚቴው ሁሉ ታታሪ ሊሆን ይችላል። ሌሊት በዝናብ ተነስቶ መጋዘን የሚከፍተው እሱ ነው። ይህ ግን ድንኳኑን የእሱ አያደርገውም። ለአክስቱ ልጅ ሠርግ ቢያውለው የሚቀበለው የለም። ገንዘብ ያዥነቱንም ደርቦ ልያዝ ቢል አባላቱ ያጉረመርማሉ። ሌባ ነው ብለው አይደለም፤ ቁልፉም ገንዘቡም አንድ እጅ ከገባ የሚቆጣጠር ሰው እንደሚጠፋ ስለሚያውቁ ነው።

የክልል የጸጥታ ኃላፊ ይህ ንብረት ያዥ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያለው የክልሉ ኃይል ነው፦ ፖሊሱ፣ ሚሊሻው፣ ተሽከርካሪው፣ የመገናኛ ሬዲዮው፣ ጥይቱ። ሊቀመንበሩ ርእሰ መስተዳድሩ፣ ጉባኤው ደግሞ የክልሉ ምክር ቤት ነው። ድንኳን ተካዮቹ የፖሊስ ኮሚሽኑ መኮንኖች ናቸው፤ ሙያው የእነሱ ነው፤ ካስማው የት ይመታ የሚለውን ከማንም በላይ ያውቃሉ። የቢሮው ኃላፊ ሥራ ኃይሉ በቂ መሆኑን ማየት፣ በጀቱን ካቢኔ ፊት መከራከር፣ የትኛው ዞን የት ላይ እንደሳሳ ማወቅ፣ ሲታዘዝ ማንቀሳቀስና ሲያልቅ ቆጥሮ መመለስ ነው። ተጠርጣሪ ራሱ አይዝም። ማንም ይታሰር ብሎ ለዳኛ አይደውልም፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሚያዝዘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የዐቃቤ ሕግና የዳኛ ጉዳይ ነው።

ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፤ የዚህ ምዕራፍ ጭብጥም እዚያው ላይ ነው። እድር ውስጥ ሞት አይታበልም። አስከሬኑ አለ፣ ልቅሶው ይሰማል፣ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው። ጸጥታ ላይ ግን አደጋውን ብዙ ሰው አያየውም። «በእገሌ ወረዳ ነገር እየተሸረበ ነው» የሚል መረጃ መጀመሪያ የሚደርሰው ለቢሮው ነው፤ ርእሰ መስተዳድሩ የሚሰማው ከቢሮው ነው፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ከሁሉ በኋላ፣ ተቀንሶ ይደርሰዋል። ስለዚህ ቁልፍ ያዡ ለፋፊም ነው። መርዶውን የሚያረዳውና መጋዘኑን የሚከፍተው አንድ ሰው ነው ማለት ነው። የሹመቱ ከባድነት ከሚያዝዘው ሠራዊት ብዛት ይልቅ ከዚህ ይመነጫል።

ሕጉ በአጭሩ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 የክልልን ፖሊስ ማደራጀትና መምራት፣ የክልሉንም ሰላምና ጸጥታ ማስጠበቅ የክልሉ ሥልጣን ነው ይላል። መከላከያና ፌዴራል ፖሊስ በአንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት ተሰጥተዋል። ሌላ የሚገርም አንቀጽ አለ፤ 87 ነው፤ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ይሆናል ይላል። ታንክና አውሮፕላን ያለበትን መጋዘን ቁልፍ ወታደር አይያዝ ማለት ነው። ስለ ክልል ጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ቃል የለውም። ሲጻፍ የክልል ፖሊስ ሌባ ከመያዝ አልፎ ይሄዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም ይሆናል። ይህን ክፍተት ልብ እንበለው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አዲስ አበባ ክልል አይደለችም። በአንቀጽ 49 ራሷን የማስተዳደር ሥልጣን ቢኖራትም ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ አላት፤ ቅርንጫፉ በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ይወርዳል፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የየካው ድርሻ ነው። ፖሊሷ ግን ግማሽ ዓይኑ ወደ ፌዴራል ያያል። በዚህ ምክንያት የአዲስ አበባው ኃላፊ ብዙውን ሥራ የሚሠራው በማስተባበር ነው።

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ

ማስተባበር ሲባል ባዶ ቃል ይመስላል። ጃንሜዳን እንየው። ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየደብራቸው ተነስተው ወደ ጃንሜዳ ይወርዳሉ። ከፊታቸው ወጣቶች ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ሲያልፍ የኋላውን ጠቅልለው እየሮጡ ፊት ይመልሱታል። ዳርና ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን የሚገድቡትም እነሱ ናቸው። በዚያ ሰዓት ፖሊስ ብቻውን ያንን ሕዝብ ልያዝ ቢል አይችልም፤ አይሞክረውምም።

ይህ እንዲሆን ግን ቀድሞ ብዙ ስብሰባ ተቀምጧል። የሃይማኖት አባቶች፣ የወጣት ማኅበራት፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ደንብ አስከባሪ፣ እሳት አደጋ፣ ቀይ መስቀል። የትኛው ታቦት በየት በኩል ይምጣ? ሁለቱ የሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ማን ይቅደም? ፍተሻው የት ይቁም፣ ሴቶችን የሚፈትሹ ሴት ፖሊሶች ይበቃሉ? በዋዜማው በሬዲዮ የምንሰማው «ለተሽከርካሪ ዝግ የሚሆኑ መንገዶች» ዝርዝር የዚያ ሁሉ ንግግር ጭማቂ ነው። አዘጋጁ አንድ መንገድ ሳይዘጋ ቢረሳ፣ ከአቧሬ ወይም ከፈረንሳይ የሚወርድ ሚኒባስ ሕዝቡ መሐል ሊገባ ይችላል። ጥሩ የጸጥታ ኃላፊ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ የሚያሳዝነው በዓሉ በሰላም ካለቀ ማንም ስሙን አያነሳም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928

ቁልፍ ያዥ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ይህ ሰፈር አይቶታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገና አልገባም ነበር፤ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች፣ የአራዳ ሱቆች ተቃጠሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኮስ አደረ። የውጭ አገር ሰዎች ወደየለጋሲዮኑ ሸሹ። የፈረንሳዩ ግቢ ብቻ ከሺህ የሚበልጡ የየአገሩን ሰዎች አስጠልሏል።

እነዚያን ቀናት የጦርነት ምዕራፍ መዝጊያ አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። እኔ ግን ለዚህ ምዕራፍ የተመቸ ማስረጃ ሆነው ይታዩኛል። በከተማዋ ጠመንጃ ሞልቶ ነበር፤ ጠመንጃ የያዘ ሰውም እንዲሁ። የጎደለው «ይህን ጠብቅ፣ ያንን ተው» የሚል፣ ሲያጠፋም የሚጠየቅ ባለሥልጣን ነው። መጋዘኑ ተከፍቶ ቁልፍ ያዡ ሲጠፋ ዕቃው ራሱ አደጋ ይሆናል።

ቁልፍ ያዡ የራሱን ድንኳን ሲገዛ

ሁለተኛው አደጋ ተቃራኒው ነው፤ ቁልፍ ያዡ ከመጠን በላይ ሲኖር። በሶማሌ ክልል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ልዩ ፖሊስ የሚባል ኃይል ተቋቋመ። ዓላማው የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባርን መዋጋት ነበር። ከአመሠራረቱ ጋር ስማቸው የሚነሳው አብዲ ሙሐመድ ዑመር በዚያን ጊዜ የክልሉ ጸጥታ ኃላፊ ነበሩ፤ በ2002 ዓ.ም. ርእሰ መስተዳድር ሆኑ። ንብረት ያዡ ከነቁልፉ ሊቀመንበር ሆነ ማለት ነው። ኃይሉን ያደራጀው፣ የሚያዝዘውና ክልሉን የሚመራው አንድ ሰው ሲሆን፣ የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ለዓመታት ያሰሙትን አቤቱታ በክልሉ ውስጥ ሊሰማ የሚችል ወንበር አልቀረም። ይህ ያበቃው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጅግጅጋ ደም ፈስሶባት መከላከያ ከገባ በኋላ፣ ሰውዬው ሥልጣን ሲለቁ ነው።

እንዲህ ያለው ታጣቂ፣ ልዩ ኃይል እየተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎችም ክልሎች ተዛመተ። ሕገ መንግሥቱ የሚያውቀው የክልል ፖሊስን ነው፤ የእነዚህ ኃይሎች አደረጃጀትና ትጥቅ ግን ከፖሊስ ይልቅ ለወታደር የቀረበ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ጉባኤው ያልገዛው ድንኳን ገባ።

ከዚያ ባሕር ዳር። ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ በመፈንቅለ መንግሥት ሴራ ተከሰው ዓመታት ከታሰሩ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ማዕረጋቸውም ተመለሰላቸው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአማራ ክልል ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ሆኑ። ዶክተር አምባቸው መኮንን ርእሰ መስተዳድር ሆነው ሲመጡ ቢሮው ላይ ያገኟቸው እሳቸውን ነው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ዶክተር አምባቸው ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተገደሉ፤ አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴም አብረው። የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደ በዚያው ጥቃት ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። የፌዴራል መንግሥት ድርጊቱን በክልሉ ላይ የተሞከረ መፈንቅለ መንግሥት ብሎ ጠራው፤ መሪው የቢሮው ኃላፊ ናቸው አለ። ብርጋዴር ጄኔራሉ ከሁለት ቀን በኋላ ባሕር ዳር አቅራቢያ ተገደሉ፤ ስለዚህ የእሳቸውን ቃል ፍርድ ቤት አልሰማውም።

ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ ሰው በሁለት ተከፍሎ ይከራከራል፤ ያንን ክርክር እዚህ አልፈታውም። ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመው የወንበሩ ቅርጽ ነው። ስለ ክልሉ ስጋት ለካቢኔው የሚያስረዳ፣ ኃይሉን የሚያሠለጥን፣ ቁልፉንም የያዘ፣ በሙያው ጄኔራል የሆነ ሰው። በዚያ ላይ አንቀጽ 87 ለአገር መከላከያ ያስቀመጠው የሲቪል አጥር በክልል ደረጃ የለም። ሰውየው መልአክም ቢሆን ወንበሩ አደገኛ ነው። ርእሰ መስተዳድሩ «መረጃው ትክክል ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሌላ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገዋል። ገለልተኛ የፖሊስ ኮሚሽነር፣ ራሱን የቻለ ዐቃቤ ሕግ፣ የሚጠይቅ የምክር ቤት ኮሚቴ፣ ማናቸውም ይሁኑ። እድሮቻችን ይህን ብልሃት ካወቁት ቆይተዋል።

ሐምቡርግ፣ የካቲት 1954

ደንቡን ማጥበቅ ሁልጊዜ መልካም ነው ወይ? አንድ የጀርመን ታሪክ ነገሩን ያወሳስበዋል። ጀርመን ፌዴሬሽን ናት፤ ፖሊስ የየክፍለ አገሩ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አለው። ሐምቡርግ ከተማም ክፍለ አገርም ናት፤ ሹሙን ሴናተር ይሉታል። የካቲት 9 ለ10 አጥቢያ 1954 ዓ.ም. ከሰሜን ባሕር የተነሳ ማዕበል የኤልብን ወንዝ መከላከያ ግድብ በጣጥሶ ከተማዋ ውስጥ ገባ። 315 ሰው ሞተ፤ ሺዎች ጣሪያ ላይ ቀሩ። የፖሊስ ሴናተሩ ሄልሙት ሽሚት ይባላል። ፖሊሱ እንደማይበቃው ሲያይ የጀርመን ጦርንና የኔቶ አዛዦችን ሄሊኮፕተር ላኩልኝ አላቸው። ያኔ የጀርመን ሕግ ጦሩ በአገር ውስጥ እንዲህ እንዲሰማራ በግልጽ አልፈቀደም ነበር። ሽሚት ይህን ያውቅ ነበር።

ጀርመኖች ታሪኩን የጀግና ታሪክ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ሰውየው በ1966 ዓ.ም. የአገሪቱ መራኄ መንግሥት ሆነ። ለእኔ ግን የሚበልጠው ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በ1960 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው፣ በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ ክፍለ አገር ጦሩን መጥራት እንዲችል፣ በማን ጥያቄና ለምን ያህል እንደሆነ ጻፉ። ቁልፍ ያዡ አንዴ በራሱ ውሳኔ ከፈተ፤ ጉባኤው አመሰገነው፤ ቀጥሎም ሁለተኛ ማንም በራሱ ውሳኔ መክፈት እንዳያስፈልገው ደንብ አወጣ።

ደብዳቤውን ማን ይፈርማል?

የእኛ ሕገ መንግሥት ይህንን ቀዳዳ ከመጀመሪያው ደፍኖታል። ከክልሉ አቅም በላይ የሆነ የጸጥታ መደፍረስ ሲያጋጥም፣ የፌዴራል መንግሥት በክልሉ መስተዳድር ጥያቄ መሠረት መከላከያን ያሰማራል ይላል አንቀጽ 51። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 359/1995 ይገኛል። ጥያቄው የመስተዳድሩ ነው፤ የጸጥታ ቢሮ ኃላፊው «አልቻልኩም» ማለት ይችላል፣ ይገባዋልም፤ ሠራዊት የመጥራት ሥልጣን ግን የለውም።

ይህ በተግባር ሲሆን በ2015 ዓ.ም. አይተናል። በመጋቢት መጨረሻ የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን አፍርሶ አባላቱን ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንደሚያስገባ አስታወቀ። በአማራ ክልል ውሳኔው ተቃውሞ ገጠመው፤ ነገሩ ወደ ተኩስ ሄደ። ሐምሌ 27 ርእሰ መስተዳድሩ ዶክተር ይልቃል ከፋለ ጉዳዩ ከመደበኛው የሕግ ማስከበር አቅም በላይ ሆኗል ብለው የፌዴራል መንግሥትን እርዳታ ጠየቁ። በማግስቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 አጸደቀው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቁልፉ ከክልሉ ቢሮ እጅ ወጥቶ አዋጁን ወደሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት ሄደ። የአዋጁን አፈጻጸም እንዲመሩ የተደረጉት የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር አቶ ተመስገን ጥሩነህ ናቸው፤ ከሰኔ 2011 ዓ.ም. ግድያ በኋላ ዶክተር አምባቸውን ተክተው ክልሉን የመሩት ራሳቸው። መረጃ የሚሰበስበው መሥሪያ ቤትና ቁልፉ እንደገና አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን በአገር ደረጃ። ሕገ መንግሥቱ ለዚህም ያሰበው ተቆጣጣሪ አለ፦ በአንቀጽ 93 የሚቋቋመው፣ ሰባት አባላት ያሉት የአስቸኳይ ጊዜ መርማሪ ቦርድ። የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ የእሱ ነው። ምዕራፍ ስምንት ስለ ቦርዱ ነው።